ልውጥ ዘርና የአርሲ ማሳ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በቤተ ሙከራ የዘረ መል ለውጥ ስለተደረገባቸው ሰብሎች እንነጋገራለን። የአገራችን ሕግ ልውጠ ሕያዋን ይላቸዋል፤ ብዙው ሰው ጂኤምኦ ብሎ ይጠራቸዋል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው በአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾች ውስጥ ነው። እኛ ግን ከአሰላ ተነሥተን፣ በኢተያ፣ በሳጉሬና በበቆጂ ማሳዎች በኩል እናየዋለን። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የተዘረጋው ይህ ደጋ ከአገሪቱ ዋና ዋና የስንዴና የብቅል ገብስ አምራች አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ምርጥ ዘርም ቀድሞ ከገባባቸው ቦታዎች ይመደባል። አዲስ ዘር ለገበሬ ምን እንደሚያመጣለትና ምን እንደሚወስድበት የሚያሳይ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተከማቸ ማስረጃ እዚሁ አለ። በዝግጅቱ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

በመጀመሪያ አንድ የተስፋፋ ስሕተት እናርም። ዳቦው እንደ ድሮው አልጣፍጥ ሲል፣ የስንዴው አገዳ ሲያጥር፣ ዘሩም በየጥቂት ዓመቱ ሲለዋወጥ፣ «ይኼ እኮ ጂኤምኦ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱ ሌላ ነው። ኩብሳ፣ ዲገሉ፣ ካካባ፣ ዳንዳአ የተባሉት፣ የአርሲ ገበሬ በስም የሚያውቃቸው የስንዴ ዝርያዎች በሙሉ በማዳቀል የተገኙ ናቸው። የአንዱ ስንዴ የአበባ ብናኝ ለሌላው ስንዴ ይሰጣል፤ ከሚወለዱት ብዙ ሺህ ልጆች መካከል ምርጦቹ በየዓመቱ ይለያሉ፤ ከዓመታት ሙከራ በኋላ አንዱ ተመርጦ ስም ይወጣለታል። ሥራው ብዙ ጊዜ ሜክሲኮ ባለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል ይጀመርና ከአሰላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያልቃል። በኢትዮጵያ ማሳ ላይ ልውጥ ስንዴ የለም። በዓለምም ቢሆን ለገበያ የሚመረት ልውጥ ስንዴ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቀደችው አርጀንቲና ናት፣ እርሱም በ2020። ልውጥ ገብስ ደግሞ ለምግብም ሆነ ለብቅል በየትኛውም አገር ገበያ ላይ አልዋለም። በእኛ አገር መጀመሪያ የተፈቀደው ጥጥ ነው፤ በ2018 ከአንድ የሕንድ ኩባንያ የመጡ ሁለት ዲቃላዎች እንዲመረቱ ተወሰነ። ድርቅንና የአገዳ ቆርቁርን እንዲቋቋም ተብሎ የተዘጋጀ በቆሎም በመልካሳ በተከለለ ቦታ ተሞክሯል። አጠውልግ የሚባለውን የእንሰት በሽታ ለመከላከልም በዚሁ መንገድ ምርምር ተጀምሯል።

ስለዚህ ለአርሲ ገበሬ ነገሩ ገና በመንገድ ላይ ያለ ነው፤ ይህም ጊዜ ይሰጠዋል። ዘሩ በር ላይ ከደረሰ በኋላ መከራከር ይከብዳል፤ አስቀድሞ ማሰብ ግን ይቻላል። የዛሬው ሐሳቤም ይህ ነው፦ «ልውጥ ዘር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። የተጨመረው ዘረ መል ምን ይሠራል? በየትኛው ሰብል ላይ ነው የገባው? ባለቤቱ ማን ነው? የሚፈትሸውና ለጉዳቱ የሚጠየቀውስ ማን ነው? እነዚህን ሳይጠይቅ ሁሉንም የሚቀበልም ሆነ ሁሉንም የሚከለክል ሰው በአርሲ ምድር ላይ የሆነውን ነገር አላየም ማለት ነው።

ምን ሆነ? በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በሕዝቡ አንደበት ካዱ፣ መቀመጫውን አሰላ አድርጎ ሥራ ጀመረ። የቁሉምሳ ምርምርም ከዚሁ ሥራ ጋር አብሮ አደገ። ካዱ የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አቀናጅቶ አቀረበ፤ የሄክታር ምርቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግልጽ ከፍ አለ። ዘሩ የተባለለትን አደረገ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ብዙው የጭላሎ መሬት የባለርስት ነበር፣ የሚያርሰው ደግሞ ጭሰኛ። ስንዴ ትርፍ የሚያስገኝ ሰብል መሆኑ ሲታይ ባለመሬቱ ትራክተር እያስመጣ ራሱ ማሳረስ ጀመረ። በእኩል ወይም በሲሶ ሲያርስ የኖረው ጭሰኛ ከማሳው ተነቀለ። የመሬት ኪራይም ናረ። ይህንን የካዱ የራሱ ጥናቶች በጊዜው መዝግበውታል፤ መፈናቀሉ መሠረቱ የተናጋው በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያ ስንዴ ውስጥ አንድም ባዕድ ዘረ መል አልነበረም። ዛሬ የምናውቃቸው የምግብ ደኅንነት ምርመራዎች ሁሉ ቢደረጉበት ኖሮ ሁሉንም ባለፈ ነበር። ሆኖም ብዙ ቤተሰብ የዕለት ጉርሱን አጣ። የቤተ ሙከራ ምስክር ወረቀት ይዞ «ዘሩ ጤናማ ስለሆነ ጉዳዩ አልቋል» የሚል ሰው የጉዳዩን እኩሌታ ብቻ ነው የያዘው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል፤ እርሱም ዋግ ነው። የስንዴ ዋግ ፈንገስ ነው፤ ዘሩ በነፋስ ተጭኖ ድንበርና ባሕር ይሻገራል። በ2010 ቢጫ ዋግ በሰፊው ሲነሣ ዋናው ተጎጂ ኩብሳ ነበር፤ ለዓመታት ደጋውን የሸፈነው ይኸው አንድ ዝርያ ነበርና። ገበሬው ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ሲፈልግ ብዙው ወደ ዲገሉ ዞረ። ሦስት ዓመት አልቆየም፤ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በባሌና በአርሲ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ዲገሉን መታው፤ በተጠቁት ማሳዎች ላይ የምርት ኪሳራው መቶ በመቶ የደረሰበት ቦታ ነበር። ፈንገሱ በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ ተገኝቶ ዓለምን ያስጨነቀው፣ በ2003 እኛም አገር የደረሰው ዩጂ 99 አልነበረም፤ የሌላ ዘር ሐረግ ነው። ዲገሉ የግንድ ዋግን ይከላከል የነበረው በዋናነት በአንድ ዘረ መል አማካይነት ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው በር ማለት ነው፤ ሌባው ያን አንዱን መክፈቻ ካገኘ ቤቱ ባዶ ነው።

መፍትሔው በርካታ ቁልፎችን በአንድ በር ላይ ማድረግ እንደሆነ አዳቃዮች ካወቁ ቆይተዋል። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ተከላካይ ዘረ መሎቹ የተቀመጡት በተለያዩ የስንዴው ክሮሞዞሞች ላይ ስለሆነ በእያንዳንዱ ማዳቀል ይበታተናሉ፤ አምስት ያህሉን በአንድ ተክል ላይ ሰብስቦ ማቆየት የብዙ ትውልድ ልፋት ይጠይቃል። ከስንዴ የዱር ዘመዶች የሚመጡት ደግሞ ጠቃሚውን ዘረ መል ብቻ ሳይሆን ምርት የሚቀንሰውንም አብረው ይጎትታሉ። በ2021 የአውስትራሊያና የሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ያወጡት ውጤት በዚህ ነጥብ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። አምስት ተከላካይ ዘረ መሎችን አንድ ላይ አያይዘው በስንዴው አንድ ቦታ ላይ አስገቡ፤ አምስቱም እንደ አንድ ሆነው ለልጅ ይተላለፋሉ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ማሳ ላይ ሲፈተን ስንዴው የግንድ ዋግን በብርቱ ተቋቋመ። ዘረ መሎቹ የመጡት ከራሱ ከስንዴ፣ ከዱር የስንዴ ዘመዶችና ራይ ከተባለው ሰብል ነው። በሕግ ቋንቋ ይህ ልውጥ ሕያው ነው። በይዘቱ ግን አዳቃዮች ለብዙ ዓመታት ሲያሳድዱት የኖሩት ነገር ነው።

ይህንን ስንዴ ነገ ጠዋት አምጥተን እንዝራ ማለቴ አይደለም። በቁሉምሳና በደብረ ዘይት፣ የእኛው ዋጎች በሚነሡበት አየር ላይ ሳይፈተን ምንም ማለት አይቻልም። አምስቱም ቁልፎች ውለው አድረው ሊከፈቱ ይችላሉ። እኔ የምለው ንጽጽሩ በትክክል ይደረግ ነው። ልውጥ ዘርን የሚቃወሙ ወገኖች ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ልውጡን ዘር፣ በሌላ በኩል ደግሞ ንጹሕና ተፈጥሯዊ ማሳ ያስቀምጣሉ። የአርሲ የስንዴ ማሳ እንደዚያ አይደለም። ዋግ ሲነሣ ገበሬው በጀርባው መርጫ ተሸክሞ፣ አፍና አፍንጫውን በነጠላ ወይም በምንም ሳይሸፍን፣ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይረጫል። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ የሚረጨው ሰው ጤና ላይ አደጋ አለው፤ ለአነስተኛ ባለመሬት በወቅቱ አይደርስም፤ ከዘገየም ገንዘቡም ምርቱም ይሄዳል። በሽታን ራሱ የሚቋቋም ስንዴ መመዘን ያለበት ከዚህ ጋር ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚፈራው ስለ ጤና ነው፤ ተገቢም ነው። ልውጥ ሰብሎች በስፋት መዘራት የጀመሩት በ1996 ነው። የአሜሪካ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች በ2016 ወደ 900 የሚጠጉ ጥናቶችን መርምረው ባወጡት ዘገባ፣ በገበያ ላይ ያሉት ልውጥ ምግቦች ከሌሎቹ የበለጠ የጤና አደጋ እንዳላቸው የሚያሳይ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኙም። ብዙ የሚጠቀሰው የፈረንሳይ የአይጦች ጥናት በ2012 ታትሞ በዓመቱ መጽሔቱ ሰርዞታል፤ የተጠቀመባቸው አይጦች ቁጥር አነስተኛ፣ ዝርያቸውም ሳይነካ በራሱ ዕባጭ የሚያበዛ ነበርና። ይህንን ግን እንደ ነጻ ማለፊያ መውሰድ አይገባም። በ1990ዎቹ የብራዚል ለውዝ ዘረ መል የገባበት አኩሪ አተር ተዘጋጅቶ ነበር፤ በምርመራ ሲታይ ለለውዙ አለርጂ ያለበትን ሰው አኩሪ አተሩም እንደሚያሳምመው ታወቀና ገበያ ሳይወጣ ቀረ። ያ ሰብል የተያዘው የሚመረምር ስለነበረ ነው። የአንዱ ልውጥ ሰብል ደህንነት ለሌላው ዋስ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይፈተሽ። ከዚያው የአካዳሚዎቹ ዘገባ ደግሞ ደጋፊዎች ሲያነሡት የማይሰማ ግኝት አለ፦ ልውጥ ሰብሎች በአሜሪካ የምርት ዕድገቱን ፍጥነት ከቀድሞው እንዳሻሻሉት የሚያሳይ ግልጽ ማስረጃ አልተገኘም። «ልውጥ ዘር ረሃብን ያጠፋል» የሚለው መፈክርም እንግዲህ መረጃ አይደግፈውም።

ሌላው ተቃውሞ ከእምነትና ከተፈጥሮ ሥርዓት ይነሣል፦ አምላክ በየወገኑ የለየውን ሰው ሊቀላቅል አይገባውም የሚል። ይህን ስሜት አከብራለሁ፤ ለአርሲ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ገበሬ ዘር የንግድ ዕቃ ብቻ ስላልሆነ። ነገር ግን የምንበላው የዳቦ ስንዴ ራሱ ከሦስት የተለያዩ የሣር ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ፣ ወደ 10 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ሰብል ነው። በስኮትላንድ ለብቅል ስመ ጥር የነበረው ጎልደን ፕሮሚስ የተባለው ገብስ ደግሞ ዘሩን በጋማ ጨረር በመምታት የተገኘ ነው። ጨረሩ የትኛውን ዘረ መል እንደሚነካ ማንም አስቀድሞ አይመርጥም፤ እንዲህ ያለውን ሰብል ግን ብዙ አገሮች እንደ ማንኛውም ዘር ያስተናግዱታል። ወሰን ይኑር ከተባለ ወሰኑ በአሠራሩ ስም ላይ ሳይሆን በውጤቱ ላይ ቢሰመር ይሻላል። የባክቴሪያ ዘረ መል ወደ በቆሎ ማስገባትና የዱር ስንዴን ዘረ መል ወደ ስንዴ መመለስ እኩል ጥርጣሬ አይገባቸውም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ጥገኝነት ነው፤ በእኔ ግምት ተቃዋሚዎች አጥብቀው ሊይዙት የሚገባውም ይኸው ነው። ስንዴና ገብስ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ሰብሎች ናቸው። የአርሲ ገበሬ ከአውድማው የመረጠውን ዘር በጎታ አስቀምጦ በቀጣዩ ዓመት መዝራት፣ ለጎረቤቱም በልውውጥ መስጠት ይችላል፤ ዝርያውም እምብዛም አይለወጥበትም። የዘር ነጻነቱ እዚህ ላይ ነው። በ2018 የተፈቀደው ጥጥ ዲቃላ በመሆኑ ዘሩ በየዓመቱ ይገዛል። የአርጀንቲናው ስንዴ ድርቅ እንዲቋቋም ከሱፍ አበባ የተወሰደ ዘረ መል ገብቶበታል ተብሎ ይወደሳል፤ ከዚሁ ጋር ግን አንድ ፀረ አረም መድኃኒት እንዲቋቋም ተደርጓል፤ የኩባንያ ፓተንትም አለበት። እንዲህ ያለው ጥቅል ወደ አርሲ ቢመጣ እቃወመዋለሁ። ሲናርና ሙጃ በሚያስቸግሩበት ማሳ ላይ አንድ ፀረ አረም በየዓመቱ መርጨት መድኃኒቱን የሚቋቋም አረም እንደሚያበዛ በአሜሪካ ማሳዎች በሰፊው ታይቷል። ያን ጊዜ ገበሬው ለዘሩም ለመድኃኒቱም ከፍሎ አረሙም አይለቀውም።

ይሁንና የፓተንት አደጋ ከልውጥ ዘር ጋር ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው የጤፍን ታሪክ ያስታውስ። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ስምምነት ተፈረመ፤ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ ኢትዮጵያ ከስምምነቱ የጠበቀችውን ሳታገኝ ኩባንያው ከሰረ፤ ፓተንቱን የሆላንድ ፍርድ ቤት ዋጋ ቢስ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ነው። በዚያ ጤፍ ላይ አንዳች የዘረ መል ለውጥ አልተደረገም። ገብሳችንም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የጀርመን አጥኚዎች በ1937 እና 1938 ከኢትዮጵያ በሰበሰቡት ነባር ገብስ ውስጥ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚያለብሰውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ዘረ መል ተገኘ፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ የብቅል ገብስ ውስጥ በማዳቀል ገብቶ እስከ ዛሬ ይሠራል። ካሊፎርኒያም ገብሷን ቢጫ አድርጎ ከሚያቀጭጨው ቫይረስ ያዳነችው በኢትዮጵያ ገብስ ዘረ መል ነው። ያንን ገብስ ለሺህ ዓመታት መርጦ ያቆየው ደገኛ ገበሬ ከዚህ የደረሰው ድርሻ የለም። ሀብቱ የወጣው በተለመደው ማዳቀል እንጂ በዘረ መል ምሕንድስና አልነበረም። ቴክኖሎጂውን መከልከል ብቻውን የገበሬውን መብት አያስጠብቅም ማለት ነው፤ መብቱን የሚያስጠብቀው ሕግና ሕጉን ተከታትሎ የሚያስፈጽም ተቋም ነው።

በዚህ ረገድ የአገራችን ድምፅ በዓለም መድረክ ትልቅ ስፍራ ነበረው። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የታዳጊ አገሮችን ወገን ወክለው የተከራከሩበት የካርታኼና ፕሮቶኮል በ2000 ጸድቆ በ2003 ሥራ ላይ ዋለ፤ አንድ አገር ልውጥ ሕያው ወደ ግዛቱ ከመግባቱ በፊት የማወቅና የመወሰን መብት እንዲኖረው ያደረገ ስምምነት ነው። አዋጅ ቁጥር 655/2009 የተባለው የደኅንነተ ሕይወት ሕጋችንም ከዚሁ መንፈስ የወጣ ጥብቅ ሕግ ነበር። የቴክኖሎጂው ደጋፊዎች «ጥብቅነቱ ምርምርን አፈነ፤ እኛ ስንጠነቀቅ ገበሬው በትልና በበሽታ ተበላ» አሉ፤ በ2015 በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለ፤ ለምርምር በሩ ከፈት አለ። ደጋፊዎቹ ያነሡት ነጥብ እውነት አለው። መዘግየትም ዋጋ ያስከፍላል፤ በ2013 ዲገሉ ዘርቶ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ምርምር መፈቀዱን ስለዚህ እደግፋለሁ። ነገር ግን በተከለለ ቦታ ለመመርመር መፍቀድና ለገበያ መፍቀድ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚያፋጥን ግፊት በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ውጤት በይፋ ይታይ ማለት የገበሬውም የተመጋቢውም መብት ነው።

የመዛመትን ጥያቄም ሰብል በሰብል ማየት ይገባል። ኢትዮጵያ የጤፍ፣ የቡና፣ የእንሰትና የኑግ መነሻ፣ የገብስና የማካሮኒ ስንዴ ደግሞ የበዛ ልዩነት የሚገኝባት አገር ናት። በ1976 የተመሠረተው የዘር ባንክም ይህን ሀብት ለማቆየት የተቋቋመ ነው። ማሽላ የዱር ዘመዱ አጠገቡ ስለሚበቅል ልውጥ ማሽላ ቢዘራ ዘረ መሉ ወደ ዱሩ ሊሻገር ይችላል፤ እዚያ ላይ እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጎመንዘርም ንብ የሚጎበኘው ሰብል ነው። ስንዴ ግን ብናኙ ብዙም ስለማይርቅ አደጋው ያነሰ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። በአውድማ፣ በኮምባይነርና በገበያ ጆንያ ውስጥ የሚደረገው የዘር መቀላቀል ከነፋሱ ይበልጥ ያሳስባል። አንድ ኮምባይነር ከኢተያ እስከ በቆጂ እየዞረ በሚያጭድበት አካባቢ ልውጡንና ነባሩን ለያይቶ ማቆየት በወረቀት ላይ እንደሚጻፈው ቀላል አይሆንም።

ገበያውን የማይመለከት ክርክርም ጎዶሎ ነው። ቡርኪና ፋሶ በ2008 ጓይ ትልን የሚቋቋም ልውጥ ጥጥ ለገበሬዎቿ አሰራጨች። ትሉ ቀነሰ፤ ርጭቱም ቀነሰ፤ ገበሬውም ወደደው። ነገር ግን የጥጡ ክር አጠረ፤ የአገሪቱ ጥጥ በዓለም ገበያ የነበረው የጥራት ስም ተጎዳ፤ የመዳመጫ ኩባንያዎቹም ከሰሩ፤ በ2016 አገሪቱ ዘሩን ትታ ወደ ቀድሞው ተመለሰች። ማንም በጥጡ አልታመመም። አሰላ ላይ ይህ ትምህርት ቅርብ ነው። በ1984 ሥራ የጀመረው የአሰላ ብቅል ፋብሪካና የቢራ ፋብሪካዎች ገብስ የሚገዙት በፕሮቲኑ መጠን፣ በፍሬው ትልቀትና በአበቃቀሉ እየመዘኑ ነው። የትኛውም ልውጥ ገብስ በሽታን ቢቋቋም እንኳ ገዢው አልቀበልም ካለ ኪሳራው የሚወድቀው ገበሬው ላይ ነው። ገዢው ምን እንደሚል ከዘሩ በፊት መታወቅ አለበት።

«ነባር ዝርያዎቻችን እያሉልን ይህ ሁሉ ለምን?» የሚሉም አሉ። ግማሽ መልሱ ከእነርሱ ጋር ነው። በ2010ም ሆነ በ2013 ጥፋቱን ያባባሰው አንድ ዝርያ ደጋውን መሸፈኑ ነው። ስንዴ ከዓመት ዓመት በስንዴ ላይ እየተደገመ ባቄላና ተልባ ከማሳው ሲገፉ አረሙም ዋጉም ተመቻቸው። ልውጥ ዘር ይህን አያድንም፤ እንዲያውም አንድ ተወዳጅ ልውጥ ዝርያ ሁሉንም ቢሸፍን ያው ስሕተት ይደገማል። ሌላው ግማሽ መልስ ግን ነባር ዝርያ ብቻውን ለዛሬው የሕዝብ ብዛትና ለሚለዋወጠው የዋግ ዝርያ አይበቃም የሚለው ነው፤ ነባሩ ሀብት ነው፣ ሀብቱን ወደ አዲስ ዝርያ የሚያሻግረው ምርምር ደግሞ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። ብዙ የዋግ ተከላካይ ዘረ መሎችን የያዘ ስንዴ፣ በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት እጅ ሆኖ፣ ገበሬው ዘሩን የማስቀረትና የመለዋወጥ መብቱ በጽሑፍ ተረጋግጦለት፣ በቁሉምሳ ተፈትኖ ውጤቱም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለሕዝብ ተነግሮ ቢመጣ እቀበለዋለሁ። ከፀረ አረም ጋር ተሸርቦ፣ በየዓመቱ የሚገዛ ሆኖ፣ ባለቤቱም ባሕር ማዶ ያለ ኩባንያ ሆኖ ከመጣ አልቀበለውም። ይህ አቋም የሚሠራው ግን የሚፈትሽ ቤተ ሙከራና ለመንግሥትም ለኩባንያም ሳያጎበድድ የሚወስን ባለሙያ ሲኖረን ነው። የአርሲ ዩኒቨርሲቲና የቁሉምሳ ማዕከል ተቀራርበው ይገኛሉ፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን በጀትና መሣሪያ ከወዲሁ እንዲመደብላቸው የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ያስቡበት።

አድማጮቻችን፣ በተለይ ለመኸር የምትዘጋጁ ገበሬዎች፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ነገር ልውጥ ዘር ይምጣም አይምጣ አንድ ነው። ማሳችሁን በሙሉ በአንድ የስንዴ ዝርያ አትሸፍኑ። ዘር ስትረከቡ የዝርያውን ስም፣ የተለቀቀበትን ዓመት፣ የትኛውን ዋግ እንደሚቋቋምና ዘሩን ለቀጣዩ ዓመት ማስቀረት ይቻል እንደሆነ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።